በምዕራብ ካናዳ መልክዓ ምድርን ፎቶግራፍ ማንሣት፦ ተራራው፣ ሜዳውና ከተማው

(ለሕዝብ በቃል ከቀረበ ንግግር ተገልብጦ የተዘጋጀ)



የዛሬው ርእሴ ከዚህ አዳራሽ እጅግ የራቀ ምድር ነው። ከማኒቶባ ሜዳ ተነሥቶ ሳስካችዋንንና አልበርታን አቋርጦ፣ የሮኪ ተራሮችን ተሻግሮ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚያበቃው ምድር ማለቴ ነው። ይህን አገር የመረጥሁበት ምክንያት ውበቱ አይደለም፤ ውበቱን ማንም አይክድም። በዚህ ምድር ላይ ፎቶግራፍ፣ የመሬት ቅየሳና የባቡር ሐዲድ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ተከታትለው ደረሱ። ስለዚህ ፎቶግራፉ አገሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተሰቀለ ጌጥ ሳይሆን፣ አገሩ ከተሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በስክሪኑ ላይ ከምታዩት ምስል እንጀምር። በ1858 ሃምፍሪ ሎይድ ሃይም የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በሄንሪ ዩል ሃይንድ የሚመራውን የአሲኒቦይንና የሳስካችዋን አሳሽ ጓድ ተከትሎ ወደ ቀይ ወንዝ አካባቢ ተጓዘ። የጓዱ ተልእኮ ምድሪቱ ለእርሻና ለሰፈራ ትሆን እንደሆነ ማጣራት ነበር። ምስሉ ከላይ ነጭ ሰማይ፣ ከታች ጠቆር ያለ ሜዳ፣ በመካከላቸው እንደ ገመድ የተወጠረ አድማስ አለው። ዛፍ የለም፤ ቤት የለም። ከፊት ለፊት ግን አንድ የሰው ራስ ቅልና አንድ አጥንት ተቀምጠዋል።

ሰማዩ ለምን ባዶ ሆነ? መልሱ ኬሚስትሪ ነው። ሃይም የሚሠራበት እርጥብ ኮሎዲየን ለሰማያዊ ብርሃን ከሌሎቹ ቀለማት ሁሉ ይልቅ ስሱ ነው። መሬቱ በመስታወቱ ላይ በቅጡ እስኪታተም ድረስ ሰማዩ ከልክ በላይ ብርሃን ጠጥቶ ደመናው ሁሉ ይጠፋል። በዚህ ላይ መስታወቱ ኬሚካሉ ሳይደርቅ ተቀብቶ፣ ተነሥቶ፣ መታጠብ ስላለበት ፎቶግራፍ አንሺው የጨለማ ድንኳኑን ተሸክሞ ይዞር ነበር። እንግዲህ ያ ባዶ ሰማይ የዘመኑ ዘዴ ያስገደደው ነው። የራስ ቅሉን ግን ዘዴው አላስገደደም። አቀማመጡ ሆን ተብሎ የተመቻቸ ይመስላል የሚለው አስተያየት በአጥኚዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሃይም በዚያው ጉዞ በቀይ ወንዝ የሚኖሩትን ነባር ሕዝቦችና ሜቲዎችን፣ ማለትም ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደውን ሕዝብ፣ አንድ በአንድ አስቁሞ አንሥቷቸዋል። ሰዎቹ ነበሩ፤ ስም ነበራቸው፤ ፊታቸው ዛሬም ይታያል። ነገር ግን ሰዎቹ በአንድ አቃፊ፣ ምድሪቱ በሌላ አቃፊ ገቡ። በምድሪቱ አቃፊ ውስጥ የሰው ምልክት ሆኖ የቀረው አጥንት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ ወይም ትገምታላችሁ። በቁጥር የሚጠሩት ስምምነቶች የመጀመሪያው በ1871 ተፈረመ። በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር መሬት በ10 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ፈቀደ። ሃይም ይህን ሁሉ አደረገ እያልሁ አይደለም። «ባዶ ነው» የሚለው ሐሳብ ሕግ ከመሆኑ በፊት ምስል ሆኖ እንደ ነበር ግን ልብ በሉ።

ወደ ተራሮቹ እንሻገር፤ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የምቆይበት እዚያ ነው።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወደ ካናዳ ኮንፌዴሬሽን በገባችበት በ1871፣ የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤቱ ጓድ ወደዚያ ሲሄድ ከሞንትሪያል የኖትማን ፎቶ ቤት ቤንጃሚን ባልትስሊ አብሮ ተላከ። በኅዳር 1885 የካናዳ ፓስፊክ ባቡር የመጨረሻው ችንካር በክሬጌላኪ ሲመታ ድርጊቱ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ያ ምስል እስከ ዛሬ ከካናዳ ታሪክ መማሪያ መጻሕፍት አልጠፋም። በዚያው ዓመት በባንፍ ፍል ውኃ ዙሪያ ያለው መሬት ተከለለ፤ በ1887 የሮኪ ተራሮች ፓርክ ተባለ። ባቡሩ መንገደኛ ይፈልጋል፤ መንገደኛ ለመሳብ ደግሞ ምስል ያስፈልጋል። ባይሮን ሃርመን በባንፍ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ፣ በ1906 የተመሠረተው የካናዳ አልፓይን ክለብ ይፋዊ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ሃርመን ትዕግሥተኛ ነበር። ደመናው በጫፉ ላይ እስኪያርፍ፣ ብርሃኑ የበረዶውን ግግር እስኪያነጥረው ድረስ ይጠብቃል። ፖስት ካርዶቹ በብዙ ቤት ገብተዋል። እንዲህ ያለው ምስል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በየፎቶ ቤቱ ከደንበኛው ጀርባ የሚሰቀለውን፣ ሐይቅና በረዷማ ተራራ የተሣለበትን መጋረጃ አስቡ፤ የየት አገር ሐይቅ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

በእነዚያው ተራሮች ላይ ግን በዚያው ዘመን ሌሎች ሰዎች ፈጽሞ በተለየ ዓላማ ካሜራ ተሸክመው ይወጡ ነበር። ቀያሾቹ ናቸው። ከ1885 ጀምሮ የቅየሳ ዋና ኃላፊ የነበረው ኤዱዋር ጋስቶን ዴቪል፣ በሜዳ ላይ የሚሠራው የሰንሰለት ቅየሳ በሮኪ ተራሮች እንደማያዋጣ ስለ ተረዳ ፎቶግራፍን የካርታ መሣሪያ አደረገው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቀያሹ ወደ ተራራ ጫፍ ይወጣል፤ ቦታውን በቴዎዶላይት ይወስናል፤ ካሜራውን ፍጹም ውኃ ልክ ያደርግና ዙሪያውን በተከታታይ ያነሣል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጫፍ ይሄዳል። አንድ አለት ከሁለት የታወቁ ቦታዎች ከታየ፣ የሁለቱ መስመሮች መገናኛ የአለቱን ቦታ ይነግረናል። በክረምት፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከመስታወቱ ላይ ካርታ ይነደፋል።

እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። ሃርመን ደመና ይጠብቃል፤ ቀያሹ ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ሃርመን ፊት ለፊቱ ጥድ ወይም ፈረስ ያቆማል፤ ቀያሹ ፊት ለፊቱ ምን እንዳለ ደንታ የለውም። የቀያሹ ምስል አብዛኛውን ጊዜ አሰልቺ ነው። ዛሬ ግን ለሳይንስ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያገኘው ይኸው አሰልቺው ምስል ነው። ቁም ነገሩ መልካም ብርሃንን አለመምረጡ ነው፤ ያላማረውንም ሸለቆ እንደ አማረው በእኩል አንሥቷል።

በ1915 ሞሪሰን ፓርሰንስ ብሪጅላንድ የተባለ ቀያሽ በጃስፐር ፓርክ አንድ የበጋ ወቅት ሠርቶ 735 ፎቶግራፎችን አነሣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጄኒን ሬምቱላ እና ኤሪክ ሂግስ እነዚያን ምስሎች ይዘው ወደ እነዚያው ጫፎች ተመልሰው ወጡ። ከዚያ ሥራ ያደገው በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የተራሮች ቅርስ ፕሮጀክት እስከ ዛሬ ይቀጥላል። ተማሪዎቹ እንድትይዙት የምፈልገው የቴክኒክ ነጥብ አለ። የቀድሞውን ካሜራ ቦታ እንዴት ታገኛላችሁ? በምስሉ ውስጥ አንድ ቅርብ ነገርና አንድ ሩቅ ነገር ትመርጣላችሁ፤ ለምሳሌ የአንድ አለት ጠርዝ ከጀርባው ካለው ጫፍ ጋር የሚገጥምበትን። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ስትሉ ቅርቡ ከሩቁ ይለያያል። በሌላ ሁለት ነገሮች ይህንኑ ትደግማላችሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚገጥሙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ቀያሹ የቆመውም እዚያ ነው። ወሩንና ሰዓቱን ካላቀራረባችሁ ግን ጥላው ያሳስታችኋል፤ በጥላ የተሸፈነ ዳገት በደን የተሸፈነ ይመስላል።

ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። የበረዶው ግግር ማፈግፈጉ ይጠበቅ ነበር፤ በኮሎምቢያ የበረዶ ሜዳ ጫፍ የሚገኘው የአታባስካ ግግር ባለፉት 125 ዓመታት ገደማ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። ያልተጠበቀው ደኑ ነው። በ1915 ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ወጣት ዛፍና ክፍት ቦታ እየተፈራረቁ የነበሩበት ሸለቆ፣ በአዲሱ ምስል ላይ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን ተሸፍኗል። ዋናው ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት እሳትን በተነሣበት ሁሉ የማጥፋት ፖሊሲ ነው። ከዚያ በፊት መብረቅ የሚያስነሣው እሳት ብቻ ሳይሆን፣ ነባር ሕዝቦች ለአደንና ለግጦሽ እያሰቡ የሚለኩሱት እሳትም ምድሪቱን ይቀርጽ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «1915 ተፈጥሯዊው ነው፤ የዛሬው የተበላሸው ነው» ማለት አንችልም። በ1889 በአታባስካ ሸለቆ ታላቅ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ ብሪጅላንድ ያነሣው ደን ከዚያ እሳት በኋላ ያገገመ ምድር ነው። በተጨማሪም ፓርኩ በ1907 ሲከለል በሸለቆው ውስጥ የሜቲ ቤተሰቦች ይኖሩና ያርሱ ነበር፤ ብሪጅላንድ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እንዲለቁ ተደረጉ። በምስሎቹ ላይ «ዱር» ሆኖ የምናየው ክፍት ሜዳ የአንዳንድ ሰዎች ግቢ ነበር ማለት ነው። ፎቶግራፉ ማስረጃ ነው፤ የምን ማስረጃ እንደሆነ ግን በራሱ አይናገርም።

በሐምሌ 2024 ሰደድ እሳት ወደ ጃስፐር ከተማ ገብቶ ከሕንፃዎቿ አንድ ሦስተኛ ያህሉን አወደመ። የዚያ እሳት መንስኤዎች ብዙ ናቸው፤ ድርቁ፣ ሙቀቱ፣ ነፋሱ፣ ጥድ የሚበላው ጥንዚዛ ያደረቃቸው ዛፎች። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት በተነሡ አሰልቺ ምስሎች ላይ፣ ነዳጁ እንዴት እየተከማቸ እንደ መጣ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ «ምን ይጠቅማል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ባልደረቦቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

ከተራሮቹ ሳንወርድ ሜሪ ሼፈርን ልጥቀስ። ይህች የፔንሲልቬንያ ተወላጅ በ1908 ወደ ማሊን ሐይቅ ደረሰች፤ በብዙ ጽሑፍም «አገኘችው» ይባልላታል። ወደ ሐይቁ የመራት ግን የስቶኒ ናኮዳው ተወላጅ ሳምሶን ቢቨር በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የሄደበትን አስታውሶ በእጁ የነደፈላት ካርታ ነው። የሼፈር ክብር ይህን ራሷ አለመደበቋ ነው፤ የሳምሶንን፣ የባለቤቱንና የትንሿን ልጃቸውን ፎቶግራፍም አንሥታለች፤ ሦስቱም ፈገግ ብለው የሚታዩበት ምስል ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ እጅግ የምወደው ነው። በዚያው ሐይቅ ላይ ያለችው ትንሿ የመንፈስ ደሴት በ1960 በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ፣ በኮዳክ ግዙፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ 18 ሜትር በሚያህል ስፋት ተሰቀለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ጎብኚ ሁሉ እዚያው ነጥብ ላይ ቆሞ እዚያኑ ያነሣል። የሞሬይን ሐይቅም ዕጣ ተመሳሳይ ነው። በ1969 እና በ1979 የገንዘብ ኅትመቶች በ20 ዶላር ኖት ጀርባ ታተመ፤ ዛሬ የጎብኚው ብዛት ከአቅም በላይ ሆኖ ከ2023 ጀምሮ የግል መኪና ወደዚያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ሐይቁ ቱርኩዋዝ የሚሆነው የበረዶው ግግር አለቱን ፈጭቶ እንደ ዱቄት የላመ ደለል ስለሚያወርድ፣ ደለሉም ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ያለ ማጋነኛ በቂ ቀለም አለው፤ በኮምፒውተር ላይ የሚጨመርለት ሌላ ቀለም ትርጉሙ አይገባኝም።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልበል፤ ከዚህ አገር ተነሥቶ እዚያ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው መደናገር ይኸው ነውና። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ትገኛለች፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ኤድመንተን ከ53 ዲግሪ በላይ ነች፤ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ 13 ዲግሪ ብቻ ናት። እኛ በማለዳና በምሽት ለጥቂት ደቂቃዎች የምንሻማበት ወርቃማ ብርሃን እዚያ በክረምት ቀኑን ሙሉ ይቆያል፤ ጥላው ረጅም ነው፤ ትንሽ የሣር ጉብታ እንኳ ቅርጽ ያገኛል። በሰኔ ደግሞ ቀኑ 17 ሰዓት ይሆናል። በረዶን በተመለከተ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ናት ብሎ ስለሚያስብ ነጩን በረዶ ግራጫ ያደርገዋል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ መጨመር ያስፈልጋል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አቆዩት፤ አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ያዝላል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። የዛሬው የሳስካችዋን ገጠር ከአውሮፕላን ሲታይ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ቅየሳው ምድሪቱን 6 ማይል በ6 ማይል በሆኑ ቀበሌዎች፣ እያንዳንዱን ቀበሌ አንድ ማይል በአንድ ማይል በሆኑ 36 ክፍሎች ከፈለ። የምድር ኬንትሮስ መስመሮች ወደ ሰሜን ሲሄዱ ስለሚቀራረቡ፣ በተወሰነ ርቀት መስመሩ ይታረማል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መንገድ በድንገት ወደ ጎን ታጥፎ እንደገና ወደ ሰሜን የሚቀጥልበት ቦታ የዚያ እርማት ምልክት ነው። እኔ በዚያ አገር ከማንኛውም ፀሐይ መጥለቂያ ይልቅ ይህችን እጥፋት ማንሣት እመርጣለሁ፤ ክብ የሆነችው ምድርና አራት ማዕዘን የሆነው ሕግ የተጋጩባት ቦታ ናትና።

በዚያ ጠፍጣፋ ምድር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ነገር የእህል ጎተራው ማማ ነው። ከእንጨት የተሠራ፣ የመንደሩ ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ በሐዲዱ ጎን የተተከለ። ገበሬው በፈረስ ጋሪ ደርሶ በዕለቱ እንዲመለስ ማማዎቹ ተቀራርበው ይሠሩ ነበር፤ በ1930ዎቹ ከ5,000 በላይ ነበሩ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ በማኒቶባ ኢንግሊስ አምስቱ በአንድ ረድፍ ቆመው የብሔራዊ ታሪክ ቅርስ ሆነዋል። መንግሥት የእህል ባቡር ድጎማውን በ1995 ካቆመ በኋላ ቅርንጫፍ ሐዲዶች ተነቀሉ፤ ትልልቅ የኮንክሪት ማከማቻዎች ተተኩ። ፎቶግራፍ አንሺዎችም በብዛት የደረሱት መፍረሻው ሲደርስ ነው። ከእነዚያ ሥራዎች ብዙዎቹ ውብ ናቸው፤ ግን የሐዘን ውበት ነው፤ ድጎማውም፣ ዋጋውም፣ ከተማ የገባው ልጅም በፍሬሙ ውስጥ የሉም። ኦረስት ሰምቺሸን በ1970ዎቹ የአልበርታ ዩክሬናውያንን አብያተ ክርስቲያናት ሲያነሣ ይህን ወጥመድ ያመለጠ ይመስለኛል። ፊት ለፊት፣ ጸጥ ባለ ብርሃን፣ ጉልላቱንም የተላጠውን ቀለምም በእኩል ትኩረት አሳየን፤ ሰፋሪው ከአገሩ ምን ይዞ እንደመጣ ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

ስለ ከተማው የሚቀረኝ ጊዜ አጭር ነው። በቫንኩቨር ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የፍሬድ ሄርዞግ ነው። በ1952 ከጀርመን ወደ ካናዳ የመጣው ይህ ሰው ኑሮውን በሕክምና ፎቶግራፍ እየገፋ፣ በትርፍ ጊዜው ፀጉር ቤቶችን፣ የኒዮን ማስታወቂያዎችንና ያገለገሉ መኪናዎች የቆሙባቸውን ጥግ መሬቶች በኮዳክሮም ስላይድ አነሣ። የጥበብ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው በሚባልበት ዘመን ቀለምን መረጠ፤ ከተማዋ በይፋ ያከበረችው በ2007 በቫንኩቨር የሥነ ጥበብ ጋለሪ በተዘጋጀው ትርኢት ነው። ያነሣቸው መንገዶች በአብዛኛው ፈርሰው በመስታወት ፎቆች ተተክተዋል።

ሁለተኛው መንገድ የስታን ዳግላስ ነው። በ2001 በዌስት ሄስቲንግስ ጎዳና አንድ ብሎክ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች ሁሉ በአንድ ረጅም ምስል አሰለፈ፤ ድህነት የበዛበትን ሰፈር እንደ ቀያሽ፣ ያለ ምርጫ። በ2014 ደግሞ ሆጋንስ አሊን ሠራ። ሆጋንስ አሊ የቫንኩቨር ጥቁር ነዋሪዎች መንደር ነበረ፤ በ1970 አካባቢ ለተሸጋጋሪ መንገድ ሲባል ፈረሰ። ዳግላስ ካሜራ የሚያቆምበት ቦታ ስላልነበረ፣ ያሉትን ማስረጃዎች ሰብስቦ መንደሩን በኮምፒውተር መልሶ ገነባው።

እዚህ ላይ አንድ የአስተዳደር ጉዳይ ልጨምርና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ። ይኸው ከተማ በ1989 ባወጣው ደንብ ከተወሰኑ የሕዝብ ቦታዎች ወደ ሰሜኑ ተራሮች የሚያሳየውን የእይታ መስመር ከረጃጅም ሕንፃዎች ይጠብቃል። በሕግ የተከለለ ፍሬም ማለት ነው። መኖሪያ ቤት እጅግ በተወደደበት ከተማ ደንቡ ያከራክራል፤ አንዱ ወገን ተራራው የሁሉም ነው ይላል፣ ሌላው ወገን በዚያ አየር ላይ ስንት ቤተሰብ ይኖር ነበር ይላል። በመጨረሻው ስላይድ ላይ ያለው ካርታ እነዚያን መስመሮች ያሳያል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ቆሞ ከሚያይበት ነጥብ ይነሣል። ነጥቦቹን ስታዩ ማን የት እንደሚቆም ተመልከቱ፤ ክርክሩን ከዚያ መጀመር እንችላለን።